ተጠራጣሪን ገበሬ ስለ ማሳመን
(ለመስክ ሠራተኞች የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

እንደሚታወቀው በእርዳታና በመልሶ ማቋቋም ተግባር የተሰማራ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከሰው ጋር በመነጋገር ነው። እህሉ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ድንኳኑም በአንድ ቀን ይተከላል። ሰው ግን ቀዬውን ለቆ ወደማያውቀው አገር ለመሄድ፣ ማሳውን በእርከን ለመከፋፈል፣ ወይም የግጦሽ መሬቱ ለጥቂት ዓመታት እንዲከለል በእውነት የሚስማማው ሲያምን ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ብዙዎቻችን አንድ የቆየ ልማድ አለብን። የተሰበሰበው ሕዝብ ሲያጨበጭብ «ተቀብሏል» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን፤ ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው ደግሞ «ያልገባው» ወይም «አደናቃፊ» እንለዋለን። የዚህን ልማድ ስሕተት በሁለት ሥራዎች፣ በእርከንና በሰፈራ፣ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ጥርጣሬው ከየት እንደሚመነጭ መረዳት ያስፈልጋል። በደጋው አገር የሚኖር ገበሬ አንድ ዓመት ሲሳሳት የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ዘሩን ከበላ በሬውን ይሸጣል፤ በሬውን ከሸጠ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስደት ነው። ስለሆነም አዲስ ነገር ሲነገረው አስቀድሞ የሚያሰላው ነገሩ ባይሳካ የሚደርስበትን ነው። እኛ የምናስረዳው ግን ዘወትር ትርፉን ነው። በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርን የማንግባባው በዚህ ምክንያት ነው።

የእርከኑን ጉዳይ እንመልከት። በ1970ዎቹ ዓመታት በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ድርቅ በጎዳቸው ክፍላተ ሀገር በምግብ ለሥራ ዘዴ እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ የሚከፈለው 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ገበሬው ስንዴውን ተቀብሎ እርከኑን ሠራ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ሥፍራ እርከኑ ፈረሰ፤ ተከልሎ የኖረውም ዛፍ ተቆረጠ። ይህን በድንቁርና ያመካኙ አልታጡም። ነገር ግን ገበሬዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲናገሩ የነበሩት ግልጽ ነበር። እርከኑ ከጠባቡ ማሳ ላይ የሚዘራ መሬት ይወስዳል፤ ተቀራርቦ ሲሠራ በሬ ጠምዶ ለመዞር አይመችም፤ በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል። ሁሉም እውነት ነበር። ዳገቱ በከፋ መጠን እርከኖቹ ስለሚቀራረቡ የሚጠፋው መሬት ይበዛል፤ መሬት የጠበበውም ገበሬ የሚያርሰው ይህንኑ ዳገት ነው። ርቀቱን ከባለማሳው ጋር ተመካክሮ መወሰንና በእርከኑ ጠርዝ ላይ የከብት መኖ ሣር ተክሎ የጠፋውን መሬት በከፊል ማካካስ ይቻል ነበር። ስንዴው አፉን ዘጋው እንጂ ጥያቄውን አልመለሰለትም።

በኮንሶ ማንም ስንዴ ሳይከፍል የድንጋይ እርከን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲካብና ሲጠገን ኖሯል፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው መልክዐ ምድር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ እርከን አይወድም የሚል ሠራተኛ ወደዚያ ወርዶ ይመልከት።

ወደ ሰፈራው እንለፍ። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። ከረኃቡ ለማምለጥ ወዶ የሄደ መኖሩ እውነት ነው፤ ያለ ፈቃዱ የተጫነ፣ ከቤተሰቡ የተለየ፣ እንደደረሰም በወባ ያለቀ መኖሩም እንዲሁ እውነት ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎች በእግራቸው ሳይቀር ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል። የተመለሰ ሰው ያየውን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲህ በደጋው መንደር «ሰፈራ» የሚለው ቃል ራሱ ሰው የሚያስደነግጥ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. 440,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ለማስፈር ታቅዶ አዲስ ፕሮግራም ሲነደፍ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ ሰፋሪውም ከራሱ ክልል እንዳይወጣና የቀድሞ መሬቱን መብት እስከ ሦስት ዓመት እንዳያጣ መደረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁሉም ይልቅ ገበሬውን ያነጋገረው ይህ የሦስት ዓመቱ ነገር ነው። መመለሻ ያለው ሰው ለመሞከር ይደፍራል።

በ1996 ዓ.ም. ወጣት የማስታወቂያ ሠራተኛ ሳለሁ በሰሜን ወሎ ደጋ በአንድ ቀበሌ ስለዚሁ ፕሮግራም እንዳስረዳ ተላክሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገርሁ። መሬቱ ለም መሆኑን፣ ዝናቡ የማያቋርጥ መሆኑን፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ መኖሩን ዘረዘርሁ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፤ ሲበተኑ ግን ለመመዝገብ የቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ አገሩን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም አባቴ። የተላከልንን ጽሑፍ ነው ያነበብኩት።»

«እንግዲያው አንተም እኔም አላየነውም። ያላየ ላላየ ምን ይነግረዋል? ገንዲ አለ ወይ? ውኃው ምን ያህል ያስኬዳል? ሰው ቢሞትብን የምንቀብርበት ታቦት አለ?»

ከሦስቱ አንዱንም አላውቅም ነበር። ገንዲ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ መሆኑንና በሬውን ይዞ ለሚወርድ ሰው ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በእጄ የነበረው ጽሑፍ ስለዚህ አንድ መስመር አልነበረውም። ወደ ቢሮ ተመልሼ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ሳቀርብ አንድ የበላይ ኃላፊ «ሕዝቡን ቀስቅስ ተባልክ እንጂ ሕዝቡ ይቀስቅስህ አልተባልክም» አሉኝ።

ቢሆንም ቀድመው አገሩን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ይላኩ ስለተባለ በምርጫው ላይ ሐሳብ የመስጠት ዕድል አገኘሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበርንና ወዳጆቹን መላክ የተለመደ ነው፤ እነርሱ ግን «ጥሩ ነው» ቢሉም ማንም አያምናቸውም። መመረጥ ያለባቸው በስብሰባው ላይ የተከራከሩት፣ ወይም ዝም ብለው አንገታቸውን የነቀነቁት ናቸው። ከመካከላቸው ሴት መኖሯም ግድ ነው፤ የምንጩን ርቀት፣ የወፍጮውንና የማገዶውን ነገር አስተውሎ የሚመለስ ውኃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ጉብኝቱ በበጋ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅም ይገባል። በጥር ደረቅ የሆነው መንገድ በነሐሴ ጭቃ ነው፤ ወባውም የሚበረታው ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። ይህን ደብቆ ያስመዘገበ ሠራተኛ በመስከረም የሚያገኘው ባዶ ጎጆ ይሆናል።

ከስብሰባው ይልቅ የሚጠቅመው ከስብሰባው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በአደባባይ «አላምንም» ያለ ሰው በአደባባይ ሐሳቡን ለመቀየር ይከብደዋል፤ በቤቱ ቡና ላይ ግን ይነጋገራል። በዚያን ጊዜ መጥፎውን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ወባ መኖሩን ከእኛ የሰማ ገበሬ ስለ ሰሊጡ ስንነግረውም ያዳምጣል። ቃል ሲሰጥም ትንሽና ቀን የተቆረጠለት ይሁን፤ «አጎበር በግንቦት 15 ይደርሳል» ተብሎ በ15 ከደረሰ ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዕለቱ ካልደረሰ ሠራተኛው ራሱ ሄዶ አለመድረሱን መንገር አለበት። ይህ የሚያሳፍር ስለሆነ የምንሸሸው ነው፤ እኔም ሸሽቼ አውቃለሁ።

የተጠራጠረው ሰው እውነት ይዞ ሲገኝስ? ያን ጊዜ እርሱን ማሳመን ሥራችን መሆኑ ያቆማል፤ ጥያቄው ከነምክንያቱ ወደ ላይ መጻፍ አለበት። «ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሪፖርታችን ውስጥ ሲበዛ፣ የጎደለው ውኃ ወይም የከብት መድኃኒት መሆኑን የሚያነብ የበላይ አይኖርም።

ሽማግሌው ዕድሜያቸው ስለከለከላቸው ልጃቸው ከተመልካቾቹ ጋር ሄደ። ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተናገረው ከእኔ ንግግር እጅግ ያጠረ ነበር። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል። ገንዲ አለ፤ መድኃኒቱ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ነው። ውኃው ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ታቦት የለም። ይህን ሁሉ ሰምተው ሰባት አባወራዎች ተመዘገቡ፤ ከእነርሱም አንዱ ራሱ ነበር። አባትየው የሦስት ዓመቱን መብት ለመጠበቅ በመሬታቸው ላይ ቀሩ። ስለ ውኃው ለሚመለከተው ጽፈን ነበር፤ የእጅ ፓምፑ የተተከለው ግን ሰዎቹ ከወረዱ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ይህንኑ ለሽማግሌው ለመንገር በሄድሁ ጊዜ ለጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ስምንቱን ወር ውኃ የቀዳችው ምራቴ ናት» አሉኝ።