ስንዴው ከእንክርዳዱ ጋር እንዳይነቀል፦ የአንጀት ባክቴሪያና የሕፃናት አለርጂ



ኮሚሽናችን ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በሚያዳርስባቸው አጥቢያዎች ከውኃው ጋር አብሮ የሚሰጥ ትምህርት አለ። እርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤትን መጠቀምና የመጠጥ ውኃን ከድኖ መያዝ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያንን የምናነሣቸው ዘወትር በጠላትነት ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ ግን አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ዲያቆን፣ ከተማ ያለው የእኅቴ ልጅ በንጽሕና እያደገ ችፌ ያሠቃየዋል፤ ደረቱንም ያፍነዋል። የእኔዎቹ አፈር ላይ እየተንከባለሉ ምንም አልሆኑም። ታዲያ ንጽሕናው ምን ጠቀመው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም፤ የዘመናችን ተመራማሪዎችም ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ነውና።

አለርጂ ምንድን ነው?

ፈጣሪ ለሰው አካል ከውስጡ ጠባቂ ሰጥቶታል። ይህም የመከላከያ ሥርዓት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሲገቡ ለይቶ ይዋጋቸዋል። አለርጂ የሚባለው ይህ ጠባቂ የአበባ ብናኝን፣ የቤት አቧራን ወይም እንደ እንቁላልና ወተት ያለ ምግብን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ነው። እንግዳውን ከሌባ መለየት የተሳነው ዘበኛ ይመስላል። ቁጣው በቆዳ ላይ ሲታይ ችፌ፣ በአፍንጫ ሲሆን ማስነጠስና ንፍጥ፣ በሳንባ ቧንቧ ሲሆን ደግሞ አስም ሆኖ ይገለጣል።

ከአንጀት ጋር ምን አገናኘው?

ጠባቂው ወዳጅና ጠላትን መለየት የሚማረው በአብዛኛው በሕፃንነት ነው፤ ከታላላቅ የትምህርት ቤቶቹም አንዱ አንጀት ነው። ሕፃን ሲወለድና ከተወለደ በኋላ ከእናቱ አካል፣ ከጡት ወተትና ከአካባቢው የሚያገኛቸው እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች በአንጀቱ ውስጥ ይሰፍራሉ። ብዙዎቹ አይጎዱትም፤ ይልቁንም ያገለግሉታል። ሰውነታችን ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት አሰር እያብላሉ ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ይህም ያለ ምክንያት የሚነሣን ቁጣ የሚያበርዱ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት እንዲበዙ ይረዳል።

የእናት ጡት ወተት በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ጥበብ ይታይበታል። በወተቱ ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው የስኳር ዓይነት ነው። ይህ ምግብ የተዘጋጀው በአንጀቱ ላሉት ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ነው። እናት ስታጠባ ልጇን ብቻ ሳይሆን የልጇን ጠባቂዎችም ትመግባለች።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብዙ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ የሚያዙት በቁጥር ያነሱ መሆናቸውን አሳዩ። በአገራችንም በጅማ ከተማና በገጠር ከ12,000 በላይ ሰዎችን አካትቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም በገጠር ከከተማ ይልቅ አነስተኛ መሆኑን አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በካናዳ ከ300 በላይ ሕፃናት ሲጠኑ፣ ለአስም የተጋለጡት ልጆች ገና በ3 ወር ዕድሜያቸው አራት የባክቴሪያ ወገኖች በአንጀታቸው አንሰው ተገኝተዋል።

እነዚህ ጥናቶች ዝምድናን ያመለክታሉ እንጂ የአለርጂ መንሥኤ አንድ ብቻ ነው አይሉም። የዘር ውርስ፣ የከተማ ጭስና የአኗኗር ለውጥም ድርሻ አላቸው።

ታዲያ ቆሻሻ ይጠቅማልን?

አይጠቅምም። በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና እጅ የሚተላለፈው ተቅማጥ ዛሬም የሕፃናትን ሕይወት ይቀጥፋል፤ የአንጀት ትልም ደም ያሳንሳል፣ ዕድገትን ይገታል። ለሕፃን የሚበጁት ተሕዋስያን የሚገኙት ከእናት ገላና ጡት፣ ከቤተሰብ፣ ከተለያየ ምግብ፣ ከደጅ አየርና ከእንስሳት ጋር ከመኖር እንጂ ከመጸዳጃ ጉድጓድ አይደለም። ልጅ ደጅ ወጥቶ ይጫወት፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስና ወደ ምግብ ሲቀርብ ግን እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጌታችን ባስተማረው ምሳሌ፣ አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ለመንቀል ሲቸኩሉ የእርሻው ባለቤት ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ከልክሏቸዋል (ማቴ. 13፥24–30)። ምሳሌው የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ የጥንቃቄው ምክር ግን ለዚህም ያግዘናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው እንደ አሞክሲሲሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ ጎጂውን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ስንዴውንም ይነቅላል። በሕፃንነታቸው ይህን መድኃኒት ደጋግመው በወሰዱ ልጆች ላይ አስም በብዛት መታየቱን በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል።

ከወላጆች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እንገሩም አይደፋ። ለአራስ ቅቤ ማላስና የስኳር ውኃ ማጠጣት ይቅር። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላም ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ሁለተኛ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ፣ ከእንቁላልና ከወተት የተለያየ ምግብ በንጽሕና ተዘጋጅቶ ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ ለጉንፋንና ለተራ ተቅማጥ ፀረ ባክቴሪያ አይገዛ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው። ነገር ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ፈጣን አተነፋፈስ ወይም ጡት እምቢ ማለት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፤ ሐኪም ያዘዘውም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

አራተኛ፣ አስም ወይም ችፌ ያለበት ልጅ ሕክምናው አይቋረጥበት። ጸሎቱና ጠበሉ መድኃኒቱን አይከለክሉም። ፊቱ ወይም ከንፈሩ ድንገት ካበጠ፣ ትንፋሹም ካጠረው፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ማድረስ ግድ ነው።

ለጠየቀችን እናትም መልሳችን ይህ ነው፦ የእኅትሽን ልጅ ያሳመመው ሳሙናው አይደለም፤ የአንቺንም ልጆች የጠበቃቸው ቆሻሻው አይደለም። ውኃውን ጠብቂ፣ እጃቸውን እጠቢ፤ ከጡትሽና ከማዕድሽ ያገኙትን መልካም ዘር ደግሞ ያለ ምክንያት በመድኃኒት አታስነቅዪባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።