በኤሌክትሪክ መኪና ረዥም መንገድ፦ ስለ ኃይል፣ ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በኤሌክትሪክ መኪና ረዥም መንገድ ለመጓዝ የሚያስብ አንባቢ ከመነሳቱ በፊት ሊሠራው የሚገባውን የኃይል ስሌት በቀላል አማርኛ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ግለ ሂስ ነው። ባለፈው ሐምሌ አራት ሆነን ከአማን ወደ አቃባ ወርደን ስንመለስ የሠራነው ስህተት የአንዲት እህታችንን ጤና ለአደጋ አጋልጦ ነበር። ከስህተቱ ተካፋዮች መካከል ደግሞ ሕክምና እማራለሁ የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግንባር ቀደሙ ነው። ነገሩ በጥናት ክበባችን ሲነሳ «እግዜር አወጣችሁ» ተብሎ በሳቅ ታለፈ። እግዜር አውጥቶን ይሆናል፤ ያስገባን ግን ያልሠራነው ሒሳብ ነው።

ጉዳዩ የሽርሽር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ ዛሬ እዚህ የምንማር አብዛኞቻችን ተመልሰን የምንይዘው መሪ የኤሌክትሪክ መኪና መሪ መሆኑ የማይቀር ነው። መንገዳችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ስለሆነም የዮርዳኖስ መንገድ ያስተማረን ለእኛ ሩቅ ትምህርት አይደለም።

በመጀመሪያ መለኪያውን እንወቅ። ብዙዎቻችን ኪሎዋትንና ኪሎዋት-ሰዓትን እናደባልቃለን። ኪሎዋት ውሃው ከቧንቧው የሚወርድበት ፍጥነት ነው ብንል፣ ኪሎዋት-ሰዓት በእንስራው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው። ባትሪ የሚለካው በኪሎዋት-ሰዓት ነው። ከአንድ ዮርዳኖሳዊ የክፍል ጓደኛችን የተዋስናት መኪና አዲስ ሳለች 60 ኪሎዋት-ሰዓት ትይዝ ነበር፤ አገልግላ አገልግላ ወደ 56 ወርዳለች። ይህ ስንት ነው? በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 9 ኪሎዋት-ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለ። ስለዚህ ያ አልጋ የሚያህለው ባትሪ የተሸከመው ስድስት ሊትር ቤንዚን ቢሆን ነው! መኪናዋ በዚህች ኃይል ከ300 ኪሎሜትር በላይ የምትሄደው የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቀበለው ኃይል አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ግን ከሁለት ሦስተኛ የማያንሰውን በሙቀት መልክ ያባክነዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ይኸውም የተያዘው ኃይል ትንሽ በመሆኑ፣ በነዳጅ መኪና ላይ ሹፌሩ ልብ የማይለው ፍጥነት፣ ዳገት ወይም ሙቀት እዚህ ላይ ወሳኝ ይሆናል።

አሁን ወደ ከፍታ እንምጣ። አማን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 900 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በረሃውን አቋርጦ በማዓን በኩል ወደ አቃባ የሚወርደው አውራ ጎዳና መጀመሪያ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ራስ አን-ነቅብ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በቀረው አጭር ርቀት ወደ ቀይ ባሕር ይንደረደራል። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነች መኪና 2,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ይህን ክብደት 1,500 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ክብደቱን በመሬት ስበት (9.8) እና በከፍታው ስናባዛ ወደ 32 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎዋት-ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ስለሆነ ውጤቱ 9 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚጠፋው ሲጨመር ወደ 10 ይጠጋል። ስድስት ሊትር በሚያህል እንስራ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ መሆኑ ነው፤ እሱም ለከፍታው ብቻ!

ቁልቁለት ሲሆን ይኸው ኃይል ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ስበቱ መጀመሪያ የአየሩንና የጎማውን ተቃውሞ ይሸፍናል። የሚተርፈውን ደግሞ ሞተሩ ራሱ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ መኪናዋን እየያዘ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በመንገድ ላይ ከፊሉ ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባትሪውን ከቁልቁለቱ አናት ላይ ጢም አድርጎ መሙላት አይገባም። የሞላ እንስራ ተጨማሪ አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል።

የእኛ ስህተት የተጠነሰሰው እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው። ከራስ አን-ነቅብ እስከ አቃባ ባትሪው የቀነሰው እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም። ማታውን ሞላናት። ጠዋት ዳሽቦርዱ «380 ኪሎሜትር» አለን። አማን 330 ኪሎሜትር ገደማ ናት። ምን ያሰጋናል? ነገር ግን ያ ቁጥር ስለሚመጣው መንገድ ምንም አያውቅም። የሚሠራው በቅርቡ ከተጓዝነው መንገድ ፍጆታ ተነስቶ ነው፤ በቅርቡ የተጓዝነው ደግሞ ቁልቁለቱን ነው። ስለዚህ መኪናዋ የነገረችን የትናንቱን እንጂ የዛሬውን አልነበረም። የአንድን በሽተኛ የትናንት የትኩሳት መዝገብ አንብቦ ዛሬ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

በዚህ ላይ ብልጠት ጨመርንበት። «ራስ አን-ነቅብን ለምን እንወጣለን? በዋዲ ዐረባ በኩል ሜዳ ሜዳውን ሙት ባሕር ዳር እንሂድ» አልን። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ካርታውን ርቀት እንጂ ከፍታ ሊለኩበት ያልለመደ ሰው ሐሳብ ነበር። የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በምድር ላይ ከየትኛውም የብስ የሚያንስ ቦታ ነው። ከአቃባ ተነስቶ አማን ለመድረስ በየትኛውም መንገድ 900 ሜትር መውጣት ግድ ነው። በሙት ባሕር በኩል ሲኬድ ግን መጀመሪያ 430 ሜትር ይወረድና ከዚያ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ያውም በመጨረሻው 50 ኪሎሜትር፣ ባትሪው ሲደክም። ዳገቱን አመለጥን ስንል ወደ ጉዞው ጫፍ ገፋነው።

ወደ ሙት ባሕር ደቡባዊ ጫፍ እስክንደርስ 190 ኪሎሜትር ያህል በሰዓት ከ100 እስከ 110 ነዳን። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ ነው፤ እግር ይከብዳል። እዚያ ስንደርስ 16 ኪሎዋት-ሰዓት ቀርቶናል። ኃይል እንሞላበታለን ብለን የተማመንበት ጣቢያ አይሠራም ነበር። ቀጣዩ፣ በሰሜኑ ጫፍ ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለው፣ 85 ኪሎሜትር ይርቃል። ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ የውጭው ሙቀት 43 ዲግሪ።

በዚህ ጊዜ ምን ወሰንን? ኤር ኮንዲሽነሩን አጠፋን፤ መስኮት ከፈትን፤ ፍጥነታችንን ግን አልቀነስንም። «ቶሎ እንድረስ» ነበር መፈክራችን።

አንባቢ ስሌቱን ከእኛ ጋር ይሥራ። እንደዚህች ያለች መኪና በሰዓት 110 ስትነዳ ለመንቀሳቀስ ብቻ በ100 ኪሎሜትር ወደ 18 ኪሎዋት-ሰዓት ትፈጃለች። በ80 ወደ 13፣ በ70 ወደ 11 ገደማ። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው የአየሩ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለማያድግ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ኤር ኮንዲሽነሩ በዚያ ሙቀት ወደ 2 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል። በ110 እየነዱ 85 ኪሎሜትር ለመሄድ 46 ደቂቃ ያህል ስለሚበቃ፣ እሱን በማጥፋት የሚተርፈው 1 ተኩል ኪሎዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ያ ማለት ከ17 ወደ 15 ተኩል እንወርዳለን፤ ከያዝነው 16 ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ነው። በ70 ብንነዳና ኤር ኮንዲሽነሩን ብናበራውስ? ለመንቀሳቀስ 9 ተኩል ያህል፣ ለማቀዝቀዣው 2 ተኩል ያህል፣ በድምሩ 12። አራት ኪሎዋት-ሰዓት ይተርፋል! የምንከፍለው ዋጋ 27 ደቂቃ ነው። እኛ ግን ከፍጥነታችን ቆርጠን ማትረፍ ሲገባን ከሰው ላይ ቆረጥን።

ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከኋላ የተቀመጠችው ታናሽ እህታችን ዝም አለች። ቀደም ሲል ስትቀልድ ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጬ የባትሪውን መቶኛ በየኪሎሜትሩ ጮክ ብዬ አነብባለሁ፤ ዞር ብዬ ያየኋት ሾፌራችን በመስተዋት አይቷት «ምን ሆነች?» ሲል ነው። ፊቷ ገርጥቷል፤ ራሴን አመመኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው አለች። የልብ ምቷ በደቂቃ ከ120 በላይ ነበር። ስሟን፣ ቀኑን፣ ያለንበትን ቦታ ጠየቅኳት፤ በትክክል መለሰች። ይህ መልስ ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ ሲበልጥ ሰውነት ሙቀቱን ወደ አየሩ መልቀቁ ቀርቶ ከአየሩ ይቀበላል፤ የቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። መስኮት ተከፍቶ የሚገባው የ43 ዲግሪ ነፋስ ላቡን ሊያደርቅ ይችላል፤ ራሱ ግን ያሞቃል፣ ውሃም ያስጨርሳል። በተጨማሪም እህታችን ጠዋት ለአለርጂ ዳይፈንሃይድራሚን ወስዳ ነበር። ይህ መድኃኒት ላብን ይቀንሳል። ፈተና ላይ ብጠየቅ እመልሰው ነበር፤ መኪና ውስጥ ግን አልጠየቅኳትም።

መኪናዋን አቆምን፤ መስኮት ዘግተን ኤር ኮንዲሽነሩን እስከ መጨረሻ ከፈትን። ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን እግሯን ከፍ አደረግን፤ ነጠላዋን በውሃ ነክረን አንገቷንና ብብቷን አራስን፤ ጨውና ስኳር የተጨመረበት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሻላት። የፈጀነው ኃይል አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ቢሆን ነው። በሽተኛው ግራ ቢጋባ፣ ቢዘባርቅ፣ ራሱን ቢስት ወይም የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ቢሆን ግን ጉዳዩ ሂት ስትሮክ ነው፤ ሂት ስትሮክ ይገድላል። ያን ጊዜ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፓራሲታሞልም አይረዳም። አምቡላንስ እየተጠራ እዚያው፣ ባሉበት፣ በተገኘው ውሃ ሁሉ ማቀዝቀዝ ነው፤ ማጓጓዙ ከማቀዝቀዙ ቀጥሎ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ በ60 እየነዳን፣ መኪናው ውስጥ ቅዝቃዜ ሞልቶ፣ ሆቴሉ ጋ ደረስን። ባትሪው ውስጥ የቀረን ጥቂት ነበር። የግቢው መሙያ 7 ኪሎዋት ብቻ የሚሰጥ ዝግተኛ ነው። ቀድሞ የማያውቀው ሰው «ለምን ይህን ያህል ያቆያል?» ይላል፤ ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። ለከፍታው ወደ 9፣ ለመንገዱ ወደ 6፣ ለመጠባበቂያ 5፣ በድምሩ 20 ኪሎዋት-ሰዓት፤ ለ7 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ገደማ። ሦስቱን ሰዓት በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ አሳለፍን፤ ሻይ ጠጣን፤ እህታችን እንቅልፍ ወሰዳት። አማን የገባነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እኔ በማግስቱ ጠዋት ከሆስፒታሉ የበሽተኞች ጉብኝት አልቀረሁም።

ስለ ኃይል መሙያ ጣቢያ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ፈጣን መሙያ ላይ እስከ 80 በመቶ ያለው ቶሎ ይሞላል፤ የመጨረሻው 20 በመቶ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ በረዥም መንገድ ሁለት ጊዜ በከፊል መሙላት አንድ ጊዜ ጢም አድርጎ ከመሙላት አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል። ሌላው የመሰኪያው ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች መሰኪያ ጂቢ-ቲ ሲሆን የአውሮፓዎቹ ሲሲኤስ 2 ነው፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። አስማሚውን ሳይዙ መነሳት ቁልፍን ቤት ረስቶ በር እንደ መዝጋት ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድም ዕቅድ አይደለም፤ ቀጣዩ ጣቢያ ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ይርቃል ተብሎ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ለሚቀጥለው የጥናት ክበባችን ውይይት ከአገር ቤት የተወሰደ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለውም ያንኑ የሚያህል ዳገት ነው፤ ሁለቱ በአንድነት 40 ኪሎሜትር ያህል ይሆናሉ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ ደግሞ 70 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እኛ በተጓዝንባት ዓይነት መኪና አራት ሰዎች ጎሐ ጽዮን ላይ 20 ኪሎዋት-ሰዓት ይዘው እኩለ ቀን ላይ ቆመዋል። ዓባይ በረሃ ላይ ኤር ኮንዲሽነሩን ሳያጠፉ ደብረ ማርቆስ ይደርሳሉን? በየትኛው ክፍል በምን ፍጥነት ቢነዱ ነው? ደጀን ላይ ሲደርሱስ ባትሪው ውስጥ ስንት ይቀራቸዋል? እያንዳንዱ አባል ስሌቱን በወረቀት ሠርቶ ይዞ ይምጣ።