ኔትቦልን ለልጆች ስለ ማስተማር

ኔትቦል ስንል መረብ ኳስ ማለታችን አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ከቅርጫት ኳስ የተወለደ፣ በየወገኑ 7 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ ክልክል ነው። ኳሱን የያዘች ልጅ ከ3 ሴኮንድ በላይ ልታቆየው አትችልም፤ ተከላካይዋም ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ትርቅላታለች። ወደ ቀለበቱ መወርወር የሚፈቀድላቸው ከ7ቱ 2 ብቻ ናቸው።

እኛ ልጆችን ማሠልጠን ስንጀምር ሕጉን በቃል አስጠናናቸው፤ በየስሕተቱም ፊሽካ ነፋን። ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲቱ ልጅ ኳስ መቀበል ፈራች። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙን እናስረዳለን፤ ይኸውም በ3 ሴኮንዱ ምክንያት ጉልበተኛዋ ኳሱን ለብቻዋ አታስቀርም፤ በርቀቱም ምክንያት ደካማዋ ጓደኛዋን አይታ ለማቀበል ፋታ ታገኛለች። ያቺ ልጅ ዛሬ ኳስ አቀብሉኝ ብላ ትጣራለች። ስለዚህ ለማሠልጠን የምታስቡ ጓደኞቻችን፣ ፊሽካ ከመንፋታችሁ በፊት ሕጉ ለምን እንደ ተሠራ ለልጆቹ ንገሯቸው።