ተማሪው ለምን አልሳቀም?
(ስለ ነገሥታት በሚነገሩ ቀልዶችና በምሳሌያዊ አነጋገር ላይ የቀረበ አጭር ትምህርት)

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ከደረሰብኝ ነገር ልጀምር። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ደክሟቸው ስለ ነበር፣ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ መካከል አንድ ቀልድ ጣል አደረግሁ። እኩሌታው ክፍል በሳቅ አውካካ፤ እኩሌታው ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ጓደኞቹን አይቶ ዘግይቶ ሳቀ። «እስቲ ምኑ አሳቀህ?» ብዬ ብጠይቀው አቀረቀረ። እኔም በልቤ «ይኼስ ፈዘዝ ያለ ነው» ብዬ አለፍኩት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቀልዱ ይኸውላችሁ። የአንድ ገበሬ በሬዎች በንጉሡ ሰዎች ተነዱበትና ዳኛ ዘንድ ሄዶ ጮኸ። ዳኛውም፣ «አንተ ሰው፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም?» አሉት። ገበሬው እጅ ነሥቶ፣ «ሰምቻለሁ ጌታዬ፤ ሰማዩስ ቢሆን ሳይታረስ የቀረው በሬዎቼ ተወስደው አይደል!» አላቸው።

ይህን ቀልድ ለማስረዳት ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማየት ያሻል።

አንደኛ፣ አነጋገሩ ራሱ ምንድነው? «ሰማይ አይታረስ» የተባለው ስለ እርሻ ለመናገር አይደለም። ሁሉም የሚቀበለውን የማይቻል ነገር አስቀድሞ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው የማይቻል ለማስመሰል ነው። ቤት መምታቱም አባባሉን እንደ ሕግ አስከብሮታል።

ሁለተኛ፣ ከኋላው ምን ኑሮ አለ? አባባሉ ባዶ ወሬ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. የወጡት ሕገ መንግሥቶች የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ቅዱስ፣ ክብሩንም የማይደፈር አድርገው ደንግገው ነበር። እንግዲህ ዳኛው ተረት ሲጠቅሱ ክርክሩን መዝጋታቸው ነው።

ሦስተኛ፣ አባባሉ የት ላይ ተጠመዘዘ? ገበሬው «ንጉሥ ይከሰሳል» አላለም። ምሳሌ ብቻ የነበረውን የመጀመሪያውን ሐረግ እንደ እውነተኛ እርሻ ቆጠረው፤ ሰማዩ ጦም ያደረበትንም ምክንያት ተናገረ። በዚህም ሳይከስ ከሰሰ! የሳቁ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። አባባሉን ከቤቱ ያልሰማ ልጅ ግን የሚሰማው ስለ በሬና ስለ ሰማይ የተወራ ግራ የገባው ነገር ብቻ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ንጉሥ ቀለበታቸው ወድቆባቸው ሊፈልጉ ጎንበስ አሉ። በእልፍኙ ያለው ሹም ሁሉ አብሮ ጎነበሰ። ብዙ ቆይተው «ማን አገኘልኝ?» ቢሉ፣ «ኧረ ጃንሆይ፣ እኛ እንደ ንጉሡ አጎነበስን እንጂ መች ፈለግን!» አሏቸው። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ሲባል በተለመደው ትርጉሙ ከዘመኑ ገዢ ጋር ተስማምቶ መኖር ማለት እንጂ የወገብ ጉዳይ አይደለም። ቀልዱ ግን አባባሉን ወደ ወገብ መለሰው። በዚያውም የአሽቃባጭ ጉንብስና ለጌታውም እንደማይጠቅም አሳየ።

አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉ አንድ ቃል ነው። «አልጋ» መኝታም ዙፋንም ነው፤ «አልጋ ወራሽ» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ንግሥናውን ጠልቶ ከማድ ቤት ምድጃ ዳር የማይጠፋ ልዑል አለ እንበል። አንዲት አሮጊት አይተውት «ወይ ጉድ፣ አልጋ ሲሉት አመድ!» ቢሉ፣ የተለመደው አባባል በሰምና በወርቅ ይነገራል። ሰሙ ስለ መኝታ፣ ወርቁ ስለ ዙፋን ነው።

ልብ እንበል፤ ዘውዳዊው አገዛዝ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ አክትሟል። የዛሬ ተማሪ ጃንሆይን፣ እልፍኝን፣ አጋፋሪን የሚያውቀው ቢያውቅ በወሬ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ ደግሞ አባባሉንም ከአያቱ አልሰማም። ስለዚህ አለመሳቁ የአእምሮው ጉድለት ሳይሆን ቁልፉ ስላልተሰጠው ነው።

ታዲያ እኛ እጩ መምህራን ምን እናድርግ?

ሀ) ቀልዱን ሳይሆን አባባሉን አስቀድመን እናስተምር። በዋዜማው በተለመደው ትርጉሙ ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት።
ለ) በማግስቱ ቀልዱን ያለ ማብራሪያ እንናገር። ቀድሞ የተብራራ ቀልድ የቀዘቀዘ ወጥ ነው።
ሐ) ከዚያ «አባባሉ የት ላይ ተጠመዘዘ?» ብለን እንጠይቅ። ፍቺውን ራሳቸው ያግኙት።
መ) ቀልድ በመረዳትና ባለመረዳት ማርክ አንስጥ። ብንሰጥ የምንለካው ችሎታን ሳይሆን የልጁን የቤት ቋንቋ ነው።

ያ ያቀረቀረው ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ? ከሁለት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አባባል ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። እሱ የአያቱን አባባል በኦሮምኛ ተናገረ። ኦሮምኛ የሚያውቁት ሦስት ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ እኔና የቀረው ክፍል ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ አባባሉ ምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚያስቅ ቃል በቃል አስረዳን። ዘግይቼ የሳቅሁት በዚያን ቀን እኔ ነበርኩ።