ልጄ፣ አሁን አባት ሆነሃል

ደስታህን ልነካብህ አልመጣሁም፤ ግን አውቅሃለሁ። ልብህ ደግ ነው፣ እጅህ ይዘገያል። «ነገ አደርገዋለሁ» ማለት ትወዳለህ፤ የታመመ ሕፃን ደግሞ ነገ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህን የምነግረው ለሚስትህ አይደለም። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስታየው ታድራለች። የምነግረው ላንተ ነው፤ ምክንያቱም በእኛ በጨንቻ ብሩ የሚወጣው ከአባት ኪስ ነው፤ «እንሂድ» ወይም «ትንሽ እንየው» የሚለውም ቃል የሚወጣው ከአባት አፍ ነው።

1. የመኪና ብር ለይተህ አስቀምጥ። ከሸማውም ይሁን ከአፕሉ ሽያጭ ጥቂት ጥቂት እያነሣህ፣ ለለቅሶም ለድግስም የማይነካ ገንዘብ ይኑርህ። ጨንቻ ከተማ ሆስፒታል አለ፤ አንተ ግን ያለኸው ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው፤ ነገሩ ከከበደም አርባ ምንጭ ድረስ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት መውረድ ይመጣል። በሽታ የሚበረታው በሌሊትና በዝናብ ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት እናቲቱ ከጠዋት ጀምራ «አልጠባ አለኝ» ስትል፣ አባት ብር ሊበደር ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር ሲመሽበት ነው። ብሩ የት እንዳለ ሚስትህ ትወቅ። አንተ ገበያ በዋልክበት ቀን ልጁ ቢታመም ፈቃድህን ስትጠብቅ መዋል የለባትም።

2. የክትባት ካርዱን ከመሬት ደብተርህ ጋር አንድ ላይ አኑረው። በተወለደ ጊዜ አንድ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ቀጥሎ በ9 ወሩ ኩፍኝ፣ በ15 ወሩ ደግሞ ሁለተኛው ኩፍኝ። ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው፤ ልጁ መራመድ ሲጀምር «አድጓል» ይባልና ካርዱ ጣሪያ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። እናንተ ልጆች ፈንጣጣ የሚባለውን አታውቁትም። እኛ ፊታቸው በጠባሳ የተበሳሳ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች መካከል ነው ያደግነው። ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያጠፋውም ከቤት ቤት የተዞረበት ክትባት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጅህ ስትመጣ ከዕርሻ አልተመለሰም አስብለህ አትመልሳት።

3. ጎሜውን ፈልግ፤ ልጁን ግን አስቀድመህ ውሰድ። ልጅ ሲታመም ጎሜ ነው፣ ምን ነውር ተሠርቶ፣ የትኛው ወግ ተጥሶ ይሆን ብለን ሽማግሌ መሰብሰብ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። እኔም ሽማግሌ በሚሰበሰብበት ዱቡሻ ላይ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝና አልንቀውም፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ የተደበቀ በደል ያወጣል። ነገር ግን እርቁ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ልጁ ሦስት ቀን ላይኖረው ይችላል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለህ፣ በዚያችው ሰዓት ተነሥ። ሽማግሌዎቹ አንተ ሐኪም ቤት እያለህም መቀመጥ ይችላሉ። ቅር የሚለው ካለ እኔ ልኬህ እንደሄድክ ንገረው።

4. ሕፃኑን ከጭስ አርቅ፤ ትንፋሹንም መቁጠር ተማር። ከቀርከሃ የሸመንነው ቤታችን ዕድሜ የሚያገኘው ከጭሱ ነው፤ ምስጡን የሚያባርርለት እሱ ነው። የሕፃን ሳንባ ግን ቀርከሃ አይደለም። አገራችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ጉምና ብርድ ስለሆነ በሩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይነዳል፣ እናቲቱ ታበስላለች፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ጭሱን ይስባል። ከዚያ የሳንባ ምች ሲመጣ «ብርድ መታው» እንላለን። ስለዚህ ማብሰያውን ለብቻው አድርግ፤ አቅም ካነሰህ እሷ ስታበስል ልጁን አንተ ይዘህ ውጣ። ወንድ ልጅ አያዝልም የሚልህን አትስማ፤ በጋቢህ ሸፍነህ ያዘው። ሲያስለው ደግሞ ልብሱን ገለጥ አድርገህ፣ ሳያለቅስ ጸጥ ባለበት፣ በስልክህ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠር። ሁለት ወር ያልሞላው 60፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ወይም አየር በሳበ ቁጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ የምትጠብቀው ነገር የለም። ይህን መቁጠር ማንበብና መጻፍ ከማወቅ አይከብድም፤ አንተ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ደርሰሃል።

5. ምድጃውን ከፍ አድርገው፣ ወይም እጠረው። የሚድህ ልጅ ወደ ብርሃን ነው የሚሄደው። ከተቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ብዙ ደቂቃ አፍስስበት፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ እበትም አትቀባ።

6. እንጥል አታስቆርጥ፣ የወተት ጥርስ አታስነቅል፣ የእትብቱን ቁስል ቅቤ አታስቀባ። የሚቆርጡት ሰዎች ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምላጩ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል፤ ደሙ አልቆም ያለበትን፣ አፉ ያመረቀዘበትን አይቻለሁ። ልጁን ያስለቀሰው ትኩሳት እንጂ ጥርሱ አይደለም።

7. ተቅማጥ ሲይዘው መጠጥ ጨምርለት፣ አትከልክለው። «ውሃው ነው የሚያስቀምጠው» ብሎ ልጅ የሚያስጠማ አባት ዛሬም አለ። የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ጡት የሚጠባውን እናቱ አዘውትራ ታጥባው። ከጤና ኬላ የሚሰጥህን ኦአርኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጥ፤ ቀጠን ይበል ብለህ ውሃ አትጨምር፣ ይወፍር ብለህም አትቀንስ። ሲያስመልሰው ጥቂት ቆይተህ በማንኪያ ቀስ እያልክ ስጠው። ከአንድ ቀን ያለፈውን ድፋና ሌላ በጥብጥ። ዚንኩን ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ሳታቋርጥ ስጠው፤ በሦስተኛው ቀን «ድኗል» ብለህ ለጎረቤት ልጅ የምታካፍል አንተ ነህና ነው የምነግርህ። ደም ከታየበት፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ተነሥ።

8. ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ልጅ ግን አያሳድግም። ቆጮ የሚሠራበትን እንሰት ማንም እንዲንቅብን አልፈልግም፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ያቆየን እሱ ነው። ይሁንና የሰውነት መገንቢያው በጣም ጥቂት ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳ ሳይጨመር። ከዚያ ከቆጮው ጋር የባቄላ ወይም የአተር ገንፎ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን ይቀላቀልለት። ጓሮህ ውስጥ ባቄላም ጎመንም አለ፤ ዶሮዎቹም እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ግን ሁሉም ገበያ ይወርድና በምትኩ ስኳር፣ ሳሙናና (ይቅር በለኝ) አረቄ ይመጣል። ከሳምንቱ እንቁላል የልጁን ድርሻ አስቀድመህ አንሣ፤ የተረፈውን ሽጥ። ፊቱ ያበጠ፣ ጸጉሩ የሳሳና የቀላ፣ የሚነጫነጭ ልጅ «ወፈረ» እየተባለ ሲሞካሽ ሰምቻለሁ። ውፍረት አይደለም፤ እግሩን በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ጤና ጣቢያ አድርሰው። ጨውም ስትገዛ አዮዲን ያለበትን ግዛ፤ በደጋው ያለውን እንቅርት ታውቀዋለህ።

9. ልጅህ ጫማ ያድርግ፣ ማታም እግሩን እጠብለት። የቀዩ አፈራችን ነገር ብዙ ሰው አልገባውም። በባዶ እግር ለዓመታት ሲሄዱበት፣ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ አልፎ ይገባና እግር ያብጣል፤ ዝሆኔ የምንለው ነው። ቆላ ላይ በትንኝ የሚመጣም አለ፤ የእኛው ግን ከአፈሩ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ብሪታኒያዊ ሐኪም እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሠራ ያጠናው፣ ሐኪሞቹም ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም እርግማን ይሉታል፤ እግራቸው ያበጠ ልጃገረዶች ሳያገቡ ቀርተዋል፣ ወንዶችም ከማኅበር ርቀው ተቀምጠዋል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለአፈሩ የሚሸነፍ ደም ያለው ሰው እንኳ አፈሩ ካልነካው አይይዘውም። ብዙ ወጪ አይጠይቅህም፤ እግሩን የሚሸፍን ርካሽ ጫማ ይበቃል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ልጆቻችን ጫማው እንዳያልቅባቸው በእጃቸው ይዘው ይሄዱና ትምህርት ቤት በር ላይ ያደርጉታል። ይህን የሚማሩት ከእኛ ነው። ጫማ እንዲያልቅ ነው የተሠራው በለው። ማታ በሳሙና እጠበውና በጣቶቹ መካከል ያለውን አድርቅለት፤ የሆድ ትሉም አብሮ ይቀንሳል። ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ አታስቀረው።

10. ቆላ ከወረዳችሁ አጎበር ይዘህ ውረድ፤ ስትመለስም መውረድህን አትርሳ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ጋ ብርድ የከለከለልን የወባ ትንኝ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የደጋ ልጅ ደግሞ ወባን ለምዶ አያውቅምና ሲይዘው ይጥለዋል። ሙዝ ማሳ ላይ ለመሥራት ወይም ዘመድ ልትጠይቅ ሁለት ቀን ብታድር ይበቃል። የሚያሳስተው ነገር፣ ትኩሳቱ የሚመጣው ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ እዚህ ብርዱ ውስጥ ከተመለሳችሁ በኋላ መሆኑ ነው። «ጉንፋን ነው» ይባልና ቀኑ ያልፋል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ አስቀድመህ «ቆላ ወርደን ነበር» በል፤ ደሙ ይመረመር። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ደግሞ ልጅ ብቻውን አትልቀቅ። አዞውን ለማየት በጀልባ ገንዘብ ከፍለው የሚሄዱ አሉ፤ ልጅህ ግን በነጻ እንዳያየው።

11. በክረምት ከገደል ሥር አታሳድረው። በጎረቤታችን በጎፋ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሰምተሃል፤ መሬቱ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የሞቱት ለመርዳት ሮጠው ከደረሱ በኋላ ሁለተኛው ናዳ መጥቶባቸው ነው። እኛም ያለነው በዚያው ዓይነት ቁልቁለት ነው። ከቤትህ በላይ መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ካዘመመ፣ ካልነበረበት ቦታ ጭቃማ ውሃ ከፈለቀ፣ ከብቱን ትተህ ልጆቹን ይዘህ ሌላ ቦታ እደር። ናዳ ከደረሰም ልጆች ሊያዩ እንዳይሄዱ ያዛቸው።

12. ልጅህን ሽመና አስተምረው፤ ለሽመና ግን አትስጠው። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ረጅም ስለሆነ ነው። ሽመና ክብራችን ነው። ዱንጉዛ የሚባለውን ልብሳችንን የሠራ እጅ የማንም አገልጋይ አይደለም፤ ልጅህም ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገብህ ተቀምጦ ድርና ማጉን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የምፈራው ሌላ ነው። መስቀል ሲሆን ከአዲስ አበባ ዘመድ ይመጣል፤ ሥጋው ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ ያያሉ። ከዚያ መኪናው ሲመለስ «ይህን ልጅ ስጠኝ፤ ቀን ይማራል፣ ማታ ትንሽ ያግዘኛል» ይባላል። ለአባትም ጥቂት ብር በእጁ ይሰጣል፤ ወግ ነው ተብሎ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ እንዲህ የሄዱ ልጆችን አውቃለሁ። ትንሽዬ ክፍል ውስጥ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት፣ የጥጡን ብናኝ እየሳቡ፣ በደብዛዛ አምፖል። ያገዙት «ትንሽ» ሳይሆን የቤቱ ገቢ ነው። ትምህርት ቤቱ አልነበረም። ወስዶ የሚያሠራው ሰው ክፉ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አጎት ነው፣ ራሱም እንዲሁ የተወሰደ ነው፤ ለዚህም ነው «እኔ ምን ሆንኩ?» የሚልህ። አገራችን ሕግ አላት፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ ተከልክሏል። ሕጉ ግን ጨንቻ መጥቶ መኪና አያስቆምም፤ የሚያስቆመው አንተ ነህ። ከሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብድሃል፤ አፍህ ለስላሳ ነውና አውቃለሁ። «ሚስቴን ልጠይቅ» በልና ጊዜ ግዛ፤ ሽማግሌም ጥራ፣ እኔን ጥራ። አድጎ፣ ተምሮ ሲሄድም ቤቱን ሳታይ አትላከው። በስልክ ብቻ አትመን፤ የወሰደው ሰው ስልኩን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ከሆነ ልጁ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ሊል ይችላል? ራስህ ሂድና እጁን እይ፤ ይማርበታል የተባለው ትምህርት ቤት ገብተህም ስሙን መዝገብ ላይ ፈልግ።