ውሃ ላይ የማይታየው ፈሳሽ

የተፈጥሮ ጋዝ ጣቢያ ሲባል ለሁላችንም ቀድሞ የሚታየን እሳት ነው። ጣቢያው ውስጥ ግን ከጋዙ ሌላ ብዙ ፈሳሽ አለ፦ እርጥበቱን የሚመጥለት ግላይኮል፣ ቧንቧው ውስጥ በረዶ መሰል ነገር እንዳይጋገር የሚጨመረው ሜታኖል፣ አሲድነት ያላቸውን ጋዞች የሚያጥበው አሚን፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት። የመከላከያ ዕቅድ የሚጻፈው ከእነዚህ አንዱ ለሚፈስበት ቀን ነው።

እኔ እንደማየው ዕቅዱን የሚያበላሸው ፈሳሹን ሁሉ እንደ ዘይት መቁጠር ነው። በአሜሪካ የዘይት መፍሰስ መከላከያ ደንብ፣ ዘይቱ ወደ ወንዝ ሊደርስ የሚችልና ከመሬት በላይ ከ1,320 ጋሎን (5,000 ሊትር ገደማ) በላይ የመያዝ አቅም ያለው ተቋም ዕቅድ እንዲኖረው ይገደዳል። ግላይኮልና ሜታኖል ዘይት ስላልሆኑ እዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። ሕጉ ስላልቆጠራቸው እኛም አንቁጠራቸው ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። በ2014 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስተን ከተማ፣ ለድንጋይ ከሰል ማጠቢያ የሚውል ኬሚካል ከታንከር አምልጦ ኤልክ ወንዝ ገባ፤ 300,000 ያህል ሰው የቧንቧ ውሃ እንዳይጠቀም ተከለከለ። ታንከሩ ዙሪያውን ግንብ ነበረው፤ ግንቡ ግን የተሰነጣጠቀ ነበር።

ስለዚህ በታንከራችሁ ዙሪያ ካለው ግንብ ጀምሩ፤ ሜትር ይዛችሁ ለኩት። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 50 ሳንቲሜትር የሆነ ግንብ 10,000 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያለው ታንከር 8,000 ሊትር ከሆነ በቂ ይመስላል። 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት ግን 2,000 ሊትር ይጨመርበታል፤ አለቀ፣ ትርፍ ቦታ የለም። ሌላ ታንከር እዚያው ግንብ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ደግሞ እሱ የያዘው ቦታ ይቀነሳል።

ከግንቡ በታች የዝናብ ውሃ የሚለቀቅበት ቫልቭ አለ። ጠዋት ሠራተኛው ይመጣል፣ ውሃውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ካላየ ቫልቩን ይከፍታል። ለዘይት ይህ ይሠራል። ግላይኮልና ሜታኖል ግን ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ፤ ቅባትም አያሳዩም። ሠራተኛው ንጹሕ ውሃ የለቀቀ መስሎት ኬሚካሉን ራሱ ይለቅቃል። ቫልቩን ከመክፈታችሁ በፊት በታንከሩ ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መጠን ከትናንቱ ንባብ ጋር አስተያዩ፤ ከጎደለና ምክንያቱ ካልታወቀ ውሃው ናሙና ተወስዶ እስኪመረመር ይቆይ። በሌላ ጊዜ ቫልቩ በቁልፍ ይዘጋ፤ ማን እንደከፈተ፣ ማን እንደዘጋ ይጻፍ።

የማድረቂያ ዕቃውም እንደዚሁ ነው። ብዙ መጋዘን ውስጥ ያለው ነጩ መምጠጫ ዘይት ብቻ እንዲመጥ የተሠራ ነው፤ ውሃን ይገፋል፣ ስለዚህ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ግላይኮል ላይ ብትጥሉት አይጠቅማችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ የሆነው ሁለገቡ መምጠጫ ከየታንከሩ አጠገብ ይቀመጥ። ሜታኖል ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ እንደማይታይም ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው።

ፈሳሹ ከግንቡ ቢያመልጥ ወዴት ይሄዳል? መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ውጡና ውሃውን ተከተሉት፦ ቦዩን፣ ቱቦውን፣ ሸለቆውን። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል እንዳለው የካሉብ ጋዝ መስክ ባለ ቆላ ደረቅ ወንዝ አይናቅም፤ ጎርፍ ሲወርድ የሚያገናኘው ሰውም ግመልም ከሚጠጣበት ብርካ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ጋር ሊሆን ይችላል። በመንገዱ የምታገኙትን የውሃ ነጥብ ሁሉ በዕቅዱ ካርታ ላይ አስፍሩ።

መኪና ኬሚካል ሲያራግፍ ደግሞ የማራገፊያው ቱቦ አጠገብ እጁ ከመዝጊያው የማይርቅ አንድ ሰው ይቁም፤ ስልክም አያንሣ። ዛሬ ፈረቃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ግንቡ ሂዱና ቫልቩን በእጃችሁ ሞክሩት፤ መዘጋቱን ለተረኛው በቃል ንገሩት፤ መዝገቡ ላይም ፈርሙ።