እስክንድርያን ደርሶ መልስ አታድርጊያት

ስልክሽ ላይ ያሰፈርሽውን ዕቅድ በትከሻሽ በኩል አየሁት፤ አትቆጪ። ካይሮ አምስት ቀን፣ እስክንድርያ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ይህቺን መስመር አጥፊያት፣ የኔ እናት። ባቡሩ ከካይሮ ራምሲስ ጣቢያ ተነስቶ እስክንድርያ እስኪገባ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዘገየም ሦስት ሰዓት ይፈጅብሻል። መመለሻውም ያው ነው። በመሀል የሚተርፍሽ ጊዜ ካይትባይ ምሽግ ፊት ፎቶ ተነስቶ፣ ዓሣ በልቶ ለመሮጥ ብቻ የሚበቃ ነው። እንዲያ ሄደው «ምን አላት? ባሕር ብቻ ናት» እያሉ የሚመለሱ ሰዎች ያናድዱኛል፤ አንቺ ከእነሱ እንድትሆኚ አልፈልግም። ከካይሮው ቀንሺና ሁለት ሌሊት እደሪባት።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እስክንድርያ እንደ ፒራሚዶቹ ያላትን ከሩቅ የምታሳይ ከተማ አይደለችም። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት የቆረቆራት ከተማ አብዛኛዋ ዛሬ አይታይም። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ የመርከብ መብራት ማማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሷል፤ ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት ጠፍቷል፤ የእነ ክሊዮፓትራ ቤተ መንግሥት የነበረበት ሠፈር ባሕር ውስጥ ሰጥሟል። ከዚያ የተረፈው ደግሞ ከአፓርታማዎቹ፣ ከሱቆቹና ከመንገዱ ሥር ተቀብሯል። ስለዚህ ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ ከሄድሽ በላዩ ተራምደሽ ታልፊያለሽ።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ጠዋት ለባሕሩ አልሰጥም። ባሕሩ የትም አይሄድም። ኮም ኤል ሾቃፋ ሂጂ፤ ሙቀቱና የጉብኝት አውቶቡሱ ሳይመጣ፣ ገና እንደተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1900 የአህያ እግር መሬቱን ሰርስሮ ሲገባ ነው የተገኘው ይባላል፤ ከሥሩ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከዐለት የተፈለፈለ የመቃብር ሕንጻ ነበር። በሰፊ ጉድጓድ ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ደረጃ አለ፤ ሬሳው በገመድ የሚወርደው በመካከሉ ባለው ክፍት ጉድጓድ ነበር፣ ሰዎቹ ደግሞ በዙሪያው ባለው ደረጃ። ስትወርጂ አትቸኩዪ፤ ግድግዳው ላይ ከጉድጓዱ ብርሃን የሚያስገቡ መስኮቶች አሉ፣ እነሱን እያየሽ ውረጂ።

ታች ስትደርሺ በሦስት ጎኑ ከዐለት የተጠረበ መደብ ያለበት ክፍል ታገኛለሽ። ዘመድ ለሟቹ መታሰቢያ መጥቶ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ የሚበላበት ነው፤ እኛ ቤት ተዝካር እንደሚበላው ማለት ነው። እዚያ ቆም በይ። ከዚያ ወደ ዋናው መቃብር ግቢ። በሩ ግራና ቀኝ ጢም ያላቸው ሁለት እባቦች የግብፅ ነገሥታትን ድርብ ዘውድ ደፍተው ይጠብቃሉ፤ ከላያቸው የግሪኮቹ ሜዱሳ ያለችበት ጋሻ አለ። ገብተሽ ወደ በሩ ዞር ስትዪ ደግሞ የውሻ ራስ ያለውን አኑቢስን፣ የግብፆችን የሙታን አምላክ፣ እንደ ሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ታዪዋለሽ። ይህን ምስል ብዙ ሰው በስልክ ብርሃን አብርቶ በጥድፊያ ያልፈዋል። አንቺ ግን ልብሱን ልብ ብለሽ እዪው። እዚያ የተቀበሩት ሰዎች ከግብፅም፣ ከግሪክም፣ ከሮማም ወስደው ኖረው፣ ሲሞቱ አንዱንም መተው አልፈለጉም። እስክንድርያ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ከዚያ ክፍል የበለጠ የሚያስረዳሽ መጽሐፍ የለም።

ከዚያ በእግርሽ ወደ ታላቁ ዐምድ ሂጂ፤ ሩቅ አይደለም። ጎብኚው ሁሉ የፖምፔ ዐምድ ይለዋል፣ ከሮማዊው የጦር መሪ ከፖምፔ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ ነው። ስሙን ታውቂዋለሽ፤ በሰማዕታት ገድል ውስጥ ስንሰማው ነው ያደግነው። ክርስቲያኖችን ያስፈጀው እሱ ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖች የዓመተ ሰማዕታት ቁጥራቸውን የሚጀምሩት እሱ ከነገሠበት እ.ኤ.አ. ከ284 ነው። የዐምዱ ቁመት ከነመሠረቱና ከነጉልላቱ 27 ሜትር ያህላል፤ ግንዱ ከአስዋን የመጣ አንድ ወጥ ቀይ ድንጋይ ነው። አሳዳጁ ሐውልቱን ይዞ ቀረ፣ የተሰደዱት ደግሞ ዘመኑን በስማቸው አስጠሩ። በዚያ ጉብታ ላይ ሴራፒስ የሚባለው ጣዖት ትልቅ ቤተ መቅደስ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ391 ፈረሰ። ከሥሩ የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ፤ ጠባቂው ካልነገረሽም ጠይቀሽ ግቢባቸው።

ስለ ሰማዕታት ካነሳን ዘንዳ፣ የቅዱስ ማርቆስን ካቴድራል ሳታዪ እንዳትመጪ። እማዬ «ጧፍ አብሪልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ እሷ ብትልም ባትልም ግን ለራስሽ ሂጂ። ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም የተመለሰው ከዚህች ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል የኢትዮጵያ አቡን ግብፃዊ ነበር፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላ እስኪላክልን እየጠበቅን ስንት ንጉሥ አለፈ። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1951፣ ፓትርያርክ የሆኑት በ1959 ነው። የግብፅ ፓትርያርክ መቀመጫ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ወደ ካይሮ ቢዛወርም ስሙ እስከ ዛሬ የእስክንድርያ ነው። ሕንጻው ራሱ አዲስ ነው፣ ጥንታዊ ነገር ጠብቀሽ አትሂጂ። የምትሄጂው ለቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሆሣዕና ዕለት በሩ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ምእመናንና ጠባቂዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ፍተሻው ይጠብቃል። ፓስፖርትሽን ያዢ፣ ነጠላሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ጨምሪ። ከየት እንደመጣሽ ከጠየቁሽ «ሐበሻ» በያቸው፤ ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ።

ከሰዓት በኋላውን ለካይትባይ ምሽግ አድርጊው። ሱልጣን ካይትባይ እ.ኤ.አ. በ1477 ማሠራት የጀመረው የፋሮስ ማማ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ከፈረሰው ማማ ድንጋይም ወስዶ ገንብቶበታል። ወደ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ግን በውጭ በኩል በባሕሩ ዳር ዙሪ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጠላቂዎች ከዚያ ውኃ ሥር በብዙ ቶን የሚመዝኑ የተጠረቡ ድንጋዮችና የሐውልት ስብርባሪዎች አግኝተዋል፤ ከማማው የወደቁም እንዳሉባቸው ይታመናል። አንቺ የምታዪው ውኃ ብቻ ይሆናል፣ ቢሆንም ምን እያየሽ እንደሆነ አውቀሽ እዪው። ከዚያ የወጣ የአንድ ንጉሥ ግዙፍ ሐውልት አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ፊት ቆሟል፤ በማግሥቱ ስትሄጂ ከምሽጉ ጋር ታገናኚዋለሽ። ከምሽጉ ስትመለሺ አንፉሺ የሚባለው ሠፈር ውስጥ የእንጨት ጀልባ የሚሠሩበት ቦታ አለ። የጀልባው አጥንት ገና ሳንቃ ሳይለብስ በአሸዋው ላይ ቆሞ ታያለሽ። ፎቶ ለማንሳት አናጺዎቹን ጠይቂ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፈተ። 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣሪያው ወደ ባሕሩ አዘንብሎ የተሠራ ነው። ውጭውን ከብቦት ያለው የአስዋን ድንጋይ ግድግዳ ከዓለም ልዩ ልዩ ጽሕፈቶች በተወሰዱ ፊደላት የተቀረጸ ነው፤ ብዙ ሰው ትኬት ሊቆርጥ ሲሮጥ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ሳያየው ያልፋል። ዙሪውና ከዚያ ግቢ። ውስጥ ደግሞ ሙዚየሞቹ አያታልሉሽ፤ የንባብ አዳራሹን ከላይ ሆነሽ ወደ ታች እዪው። ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ ከላይ ብርሃን እየገባበት፣ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው የሚያነቡበት ነው። እኔ ወንበር ይዤ ብቀመጥ ደስ ይለኛል፤ አንቺም ሞክሪው።

ሌላው በጊዜሽ ልክ ነው። ኮም ኤል ዲካ በሚባለው ቦታ የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው የሮማ ዘመን ትንሽ ቴአትር አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከአጠገቡ ያሉት ጥንታዊ የመማሪያ ክፍሎች ናቸው፣ ተማሪዎቹ የተቀመጡበት ደረጃና የመምህሩ ቦታ እስከ ዛሬ ይለያል። የግሪክና የሮማ ሙዚየሙ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ተከፍቷል፤ ዝናብ ከያዘሽ እሱ ውስጥ ዋዪ። ሞንታዛ የንጉሥ የአትክልት ቦታ ነው፤ ለሽርሽር ጥሩ ነው፣ ካልደረስሽበትም አይቆጭሽ።

ስለ ምግቡ። ጠዋት ፉል ነው። ታውቂዋለሽ፣ የነሱ ግን በታሂናና በሎሚ ይመጣል። ጾም ላይ ከሆንሽ አትጨነቂ፤ እዚያም የሚጾም ክርስቲያን ብዙ ስለሆነ «ሲያሚ» ካልሽ ይገባቸዋል። ፉል፣ ተዓምያ፣ ኩሸሪ ሁሉም የጾም ነው። ጾም ካልሆነ ግን ምሳሽን ባሕሪ ሠፈር ዓሣ ብዪ። ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ ይጠብቅሻል። ዓይኑ የጠራውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ራስሽ ምረጪ። የኪሎውን ዋጋ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ፊትሽ ይመዘን፣ የማብሰያውንም ዋጋ ጠይቂ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። «መሽዊ በረዳ» ብትያቸው በፉርሽካ ሸፍነው እሳት ላይ ይጥሉታል፤ ቆዳው ጠቁሮ ይመጣል፣ አትደንግጪ፣ ገልጠሽ ስትጥይው ሥጋው ነጭና ጭማቂ ያለው ነው። በሽንኩርት የጠቆረውን ሩዝ፣ ሰያዲያ የሚሉትን፣ አብረሽ እዘዢ። ቡና ስታዢ «ሳዳ» ካላልሽ ስኳር ሊጨምሩበት ይችላሉ፤ መጠነኛ ስኳር ከፈለግሽ «መዝቡጥ» ነው። አተላው እስኪረጋ ጠብቂ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። የሕዝብ ባሕር ዳርቻ ላይ አብዛኞቹ ሴቶች ሙሉ ልብስ ለብሰው ነው የሚዋኙት፤ የዋና ልብስሽን ሆቴል ለሚያከራየው ዳርቻ አቆዪው፣ ለሕዝቡ ዳርቻ ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ያዢ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም ቢገባ አንቺ አትግቢ፤ ያ ባሕር ከላይ ረጋ ብሎ ከሥር የሚስብበት ጊዜ አለ። መንገድ ላይ ስለ መልክሽ ቃል የሚወረውር አይጠፋም። አትመልሺለት፤ ቤተሰብ ወደተቀመጠበት ጠጋ በይ፤ ሴቶቹ ያስጠጉሻል። ማታ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳር ጎዳና ላይ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሽር ብትን ስለሚል ብቻሽን አትሆኚም፣ ወደ ጨለማዎቹ የውስጥ መንገዶች ግን አትታጠፊ። ኮርኒሹን በመኪናው መሀል አትሻገሪ፤ በመሬት ሥር የሚያሻግር መተላለፊያ ስላለ እሱን ፈልጊ። ታክሲ ሳትገቢ ዋጋ ተነጋገሪ። ካርድም ጥሬ ገንዘብም ይኑርሽ፤ ካርድ ብቻ የሚቀበሉ ትኬት ቤቶች አሉ፣ ፉል ቤቱ ደግሞ ካርድ አያውቅም።

ጊዜውን ገና ካልቆረጥሽ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተያቸው፤ ካይሮ ሙቀቱን ሸሽታ እዚያ ትወርዳለች። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ጥቅምት ደስ ይላሉ። ከኅዳር ጀምሮ «ነዋ» የሚሉት የባሕር ማዕበል ይጀምራል፤ ዓሣ አጥማጆቹ እያንዳንዱን በስም ለይተው የሚመጣበትን ሰሞን ያውቁታል። ማዕበሉ የኮርኒሹን ግንብ ዘልሎ መኪናውን ያጥባል፤ እሱን ከሻይ ቤት መስኮት ማየት ራሱ ጉዞ ያስወጣል፣ ወፍራም ካፖርት ከያዝሽ።

ሆቴሉን ራምል ጣቢያ አካባቢ ያዢ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱም ወደ ካቴድራሉም በእግር ይደረሳል። ባሕር የሚያይ ክፍል ከወሰድሽ ከፍ ያለ ፎቅ ጠይቂ፣ የታችኛው ፎቅ በመኪና ጡሩምባ አያስተኛም። የመመለሻ ባቡርሽን ደግሞ ቀድመሽ ቁረጪ፤ ቅዳሜና ዓርብ ማታ ወደ ካይሮ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ሲዲ ጋበር ጣቢያ ከዋናው ጣቢያ በፊት ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ሲነሳ አይተሽ እንዳትወርጂ፤ አንቺ የምትወርጂው መጨረሻው ላይ፣ ማሐጠት ማስር ነው።